የወንዙ ቀኝ ዳርቻ

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ወሬ የሚያወራው ሻይ ጋብዞ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የጂኦግራፊ መምህራን ቢሮው ጠርቶ ሻይ ባዘዘላቸው ጊዜ ሁለቱም ብርጭቆውን ሳይነኩ አፍ አፉን ያዩት ጀመር።

«ክፍለ ጊዜ ተቀንሷል» አለ። «የኔ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ፤ ከላይ የወረደ ነው። የቀረው ለአንድ መምህር ብቻ የሚበቃ ነው። እንግዲህ አንዳችሁ እዚሁ ትሆናላችሁ፣ አንዳችሁ ደግሞ ወደ ቅርንጫፉ ትዛወራላችሁ።»

ቅርንጫፉ የሚባለው ከድልድዩ ማዶ፣ ከኮረብታው ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሚያስተምር ሰው ጎህ ሲቀድ ወጥቶ አመሻሽ ላይ ነው የሚመለሰው።

ለወጣቷ መምህርት መጀመሪያ በዓይኗ የመጣባት የእናቷ ጀርባ ነው። እናቷ ከደረጃ ወድቃ አልጋ ላይ ከቀረች ወዲህ በምሳ ሰዓት ካልተገላበጠች ጀርባዋ ይቆስላል። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ኋላ ነው። የምሳ ደወል ሲደወል ትሮጣለች፣ እናቷን ታገላብጣለች፣ ታጎርሳታለች፣ የከሰዓቱ ደወል ሳይደወል ትመለሳለች። ከማዶ ግን ለምሳ ቤቱ የሚመጣ ሰው የለም።

ቀጥላ ትልቋን መምህርት አየቻት። ትልቋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሻዩን ታያለች። ተማሪዎች «እትዬ ካርታ» ይሏታል። የትምህርት ቤቱ ካርታዎች ሲቀደዱ ከጀርባቸው ጨርቅ እየለጠፈች የምትጠግናቸው እሷ ናት። ወጣቷን ስምንተኛ ክፍል ያስተማረቻት እሷ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ መጽሐፍ ያዋሰቻት እሷ፣ ተቀጥራ ስትመጣ ከጎኗ ጠረጴዛ ያሰናዳችላት እሷ። ተማሪዎቹ ይህን አይተው ወጣቷን «ትንሿ ካርታ» አሏት። ስሙን አትወደውም፤ ከሌላ ሰው ላይ ተቆርጣ የወጣች ያስመስላታል።

ስለ ትልቋ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር ትንሿም ታውቃለች። ባሏን ወንዙ ከወሰደው ወዲህ ድልድዩን ረግጣ አታውቅም። የገዛ እህቷ ማዶ ስትዳር እንኳ አልሄደችም።

«ለኔ ሁለታችሁም እህቶቼ ናችሁ፤ መምረጥ አልችልም» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ኮሚቴ ይምረጥ። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ሠርቶ ማሳያ ታቀርባላችሁ። የዘጠነኛ ክፍልን የመጀመሪያ ምዕራፍ፤ የጂኦግራፊ ትርጉምና ወሰን። እኔ አለሁ፣ ምክትሌ አለ፣ የወላጆች ተወካይ ፋርማሲስቱ አለ። ከዚያ እንደ ልማዳችን በጠመኔ ትተራረማላችሁ።»

«ይሁን» አለች ትልቋ።

«ይሁን» አለች ትንሿ።

«ሻዩን ጠጡት እንጂ፣ መርዝ የለበትም!» ብሎ ሳቀ።

በጠመኔ መተራረም የዚህ ትምህርት ቤት ልማድ ነው። ድሮ ሠርቶ ማሳያ ሲቀርብ መምህራን በእርማት ስም እርስ በርስ ይዘላለፉ ነበር። ስለዚህ ትልቋ መምህርት አንድ ደንብ አመጣች። ከኋላ ተቀምጦ ትምህርቱን የሚከታተለው ባልደረባ ጥሩውን በአፉ ይናገራል፤ ስህተቱን ግን ተነስቶ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ያርማል እንጂ አያወራም። ጠመኔ ካላነሳ ትምህርቱ እንከን የለሽ ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ወዲህ ስድብ ቀረ። ሰው ሰሌዳ ላይ መሳደብ አይሆንለትም።

ትንሿ ለምሳ ቤት ስትገባ እናቷ ገና ከበሩ ፊቷን አየቻት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው ፊትሽን አስተካክዪ፣ አስደነገጥሽኝ።»

እያገላበጠቻት ነገረቻት። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ሰማች፤ ከዚያ ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ፣

«እሷ ምን ጎደለባት?» አለች። «ባል የላት፣ ልጅ የላት። ማዶ ብትውል ቤት የሚጠብቃት ድመት ነው።»

«ድመትም የላትም፣ እማዬ።»

«ይኸው! ማንም አይጎዳም ማለት ነው።»

«ያስተማረችኝ እኮ እሷ ናት። እኔ የማውቀውን ሁሉ እሷ ታውቃለች። በምን ላሸንፋት?»

«የምታውቀውን ሁሉ ትናገራለች?»

ልጅቷ የእናቷን ትራስ እንደያዘች ቆመች።

«ትራሱን ስጪኝ እንጂ፣ አንገቴ ተሰበረ» አለች እናቷ።

ትልቋ መምህርት የማትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ አሸዋ ያመላልስ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ላይኛው አገር የዘነበ ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ወረደ። የከተማው ሬዲዮ ዜናውን ደጋግሞ ስላሰማው እስከ ዛሬ በቃሉ የማይወጣው ሰው የለም፤ «ከድልድዩ በላይ ባለው መታጠፊያ፣ በወንዙ ቀኝ ዳርቻ ቆሞ የነበረ የጭነት መኪና ከነሾፌሩ በጎርፍ ተወስዷል።»

ከተማው ሦስት ቀን አዘነ። በአራተኛው ቀን ፀጉር ቤት ውስጥ ቀልድ ተጀመረ። «ለሰው ልጅ ወንዝ ታስተምራለች፣ ለባሏ ግን ትርፍ ጊዜ አልነበራትም» አለ አንዱ። «ፈተናውን ወድቆ ነው» አለ ሌላው። ቀልዱ ትልቋ ጆሮ ደርሷል፤ አንዳንዱ ሆን ብሎ በመንገዷ ላይ ነው የሚያወራው። አንድም ቀን መልስ አልሰጠችም። ስለ ወንዝ የሚያስተምረው ምዕራፍ ሲደርስ የዓለምን ታላላቅ ወንዞች አንድ በአንድ ታስተምራለች፤ ከከተማው ጀርባ ወደሚፈሰው ግን ፊቷን እንኳ አታዞርም። ተማሪዎቹም ተምረው አያነሱባትም።

ቅዳሜ ዕለት ትንሿ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ድልድዩ ላይ ወጣች። መታጠፊያው ያለው ከድልድዩ በላይ ስለሆነ ፊቷን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አዙራ ቆመች። ወንዙ እንደ ክርን ታጥፎ ይወርዳል። በስተቀኟ ያለው ዳር በውሃ የተገዘገዘ ገደል ነው፤ የዛፍ ሥር ራቁቱን ተንጠልጥሏል። በስተግራዋ ያለው ዝቅ ያለ፣ አሸዋማ፣ ሳር የበቀለባቸው ያረጁ ጉድጓዶች ያሉበት ሜዳ ነው። ልክ በመጽሐፉ እንዳለው ነበር፤ ወንዝ ሲታጠፍ የውጪውን ዳር ይመታል፣ ይቆርጣል፣ ይንዳል፤ በውስጠኛው ዳር በኩል ግን ይለዝብና አሸዋውን ያራግፋል። ለማስተማሪያ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። «ቀኝ ዳርቻ» ብላ በቀኟ ጻፈች፤ እዚያም የመኪናውን ምልክት አደረገች። ሰውየው ሊናድ ያለ ገደል አፍ ላይ ነበር የቆመው! አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ዕድሜ ልኳን ብትፈልግ አታገኝም። ደስ አላት። ደስ ማለቷ ትንሽ አሳፈራት፤ ወረቀቷን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ሮጠች።

መጀመሪያ ያቀረበችው ትልቋ ናት። እንደ ወትሮዋ ዝግ ብላ አስተማረች። ጂኦግራፊ የአገሮችንና የከተሞችን ስም መሸምደድ ነው ብሎ የሚመጣውን ልጅ ሁሉ የምትመልስባቸውን ሦስት ጥያቄዎች ጻፈች፤ ምን፣ የት ነው? ለምን እዚያ ሆነ? እዚያ በመሆኑስ ምን ተከተለ? ከዚያ ሁለት ክብ ሳለች። በአንዱ ተፈጥሮን፣ በሌላው ሰውን አስገባች፤ ክቦቹን እርስ በርስ አነካካቻቸውና የተነካኩበትን ቦታ አጠቆረችው።

«የጂኦግራፊ ወሰን የት ነው ብትሉኝ፣ ይኸው የጠቆረው ነው» አለች። «ወንዙ ለብቻው የሌላ ትምህርት ነው። ሰውም ለብቻው የሌላ ትምህርት ነው። እኛ የምንሠራው ሁለቱ በተገናኙበት ነው።»

ፋርማሲስቱ ማዛጋቱን በእጁ ሸፈነ።

ትንሿ የእርማት ተራዋ ሲደርስ ተነሳች። ጥሩውን በአፏ ተናገረች፤ ከዚያ ጠመኔ አነሳችና በጠቆረው ቦታ መካከል ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። በወዲህ «የተፈጥሮ»፣ በወዲያ «የሰው» ብላ ጻፈች።

«እንዴ! አሁን ገባኝ» አለ ፋርማሲስቱ። «ይኼ ግልጽ ነው። መድኃኒት እንደ መደርደር ነው።»

ትልቋ ለእርማቱ አመሰገነች። ደንቡ እንደዚያ ነው።

በማግስቱ ትንሿ ሰሌዳው ፊት ስትቆም ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ኮሚቴው በመስኮቱ በኩል፣ ትልቋ ከኋላ ጥግ።

«ዛሬ ሩቅ አገር አንሄድም» አለች። «እዚሁ ከኋላችን ያለውን ወንዝ ነው የምናየው።»

መታጠፊያውን ሳለች፣ ድልድዩን ሳለች። ጥቂት ጭንቅላቶች ወደ ኋላ ዞሩ፤ ቶሎ ተመለሱ።

«አንድ ሾፌር ነበር» አለች። «ስሙ አያስፈልገንም። ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ። ምን፣ የት ነበር? መኪናው፣ እዚህ፣ በቀኝ ዳርቻ።» ምልክቱን አደረገች። «አያችሁ? የውጪው ዳር ነው። ውሃው የሚመታው፣ የሚንደው። ለምን እዚያ ሆነ?»

እጅ እስኪወጣ አልጠበቀችም።

«ስለማያውቅ» ብላ ራሷ መለሰች። «እዚያ በመሆኑስ ምን ተከተለ? እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ፋርማሲስቱ ከወንበሩ ወደ ፊት ተጠጋ፤ ዛሬ ማዛጋት የለም። ርዕሰ መምህሩ አገጩን በእጁ ይዟል። ትንሿ ይህን ስታይ አፏ ከተዘጋጀችበት አለፈ።

«ጂኦግራፊ ማለት ይኼ ነው። የሚቆሙበትን ማወቅ። አለበለዚያ መጽሐፉ እቤት መደርደሪያ ላይ መቀመጡ አያድንም።»

ከመሐል አንድ ልጅ ፈርቶ ሳቀ። ሳቁ ለብቻው ስለወጣ መልሶ ዋጠው።

ከፊት ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ጓደኞቿ «ለምን» ብለው ነው የሚጠሯት፤ ከአፏ የማይጠፋ ቃል እሱ ነው።

«መምህር፣ ወንዙ ወዴት ነው የሚወርደው? ሥዕሉ ቀስት የለውም።»

«አዎ፣ ቀስቱን ረስቼዋለሁ» ብላ ጠመኔውን አነሳች። ቀስቱ ከላይ ተነስቶ በመታጠፊያው ዞሮ ወደ ድልድዩ መውረድ ነበረበት። ጠመኔው ሰሌዳውን ሳይነካ ግን እጇ ቆመ። የመጣባት የትልቋ ድምፅ ነው፤ የስምንተኛ ክፍሉ። ‹የወንዝ ቀኝና ግራ በእኛ አቋቋም አይለይም። ወንዝ የራሱ ፊት አለው፤ ፊቱ ወደሚሄድበት ነው። ቀኙን ማወቅ ከፈለጋችሁ አብራችሁት ውረዱ።› ያን ቀን ተማሪው ሁሉ ተራ በተራ ወንዝ እየሆነ በወንበሮቹ መሐል ወርዷል። እሷም ወርዳለች።

ድልድዩ ላይ የቆመችው ግን ፊቷን ወደ ላይ አዙራ ነው። የሷ ቀኝ የወንዙ ግራ ነው። ሬዲዮው ቀኝ ዳርቻ ያለው ያንን ሌላውን፣ ዝቅ ያለውን፣ አሸዋማውን ነው። ደግሞስ አሸዋ የሚጭን መኪና አሸዋ በሌለበት ገደል አፍ ምን ይሠራል? ይህን እንዴት አላሰበችም? ሰውየው የቆመው መጽሐፉ ‹ውሃው የሚለዝብበት› በሚለው ቦታ ነበር። የሚያውቅ ሰው በሚቆምበት። ወንዙ በዚያ በኩል ሰብሮ የገባው አሸዋው ተዝቆ ተዝቆ ዳሩ ስለወረደ ነው፤ እነዚያ ሳር የበቀለባቸው ጉድጓዶች። አሸዋው ደግሞ የተዛቀው ለዚህ ሕንፃ ነበር። አሁን ፊት ለፊቷ ባለው ግድግዳ ውስጥ አለ።

ሁሉም ነገር የመጣባት ክንዷ አየር ላይ እንዳለ ነው። ወደ ኋላ ተመለከተች። ትልቋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰሌዳውን ታያለች። ታውቃለች፤ ድሮም ታውቃለች። ልታርመው ብትነሳ ግን ባሏ የት እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ፣ ውሃው በየት እንደመጣበት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መናገር አለባት። ስድስት ዓመት ሙሉ አልተናገረችውም።

ትንሿ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ብትል ዕድሏ በዚያው ያበቃል። የምሳ ሰዓት ቀርቧል፤ እናቷ በግራ ጎኗ ተኝታ ደወሉን ትጠብቃለች።

ጠመኔውን አወረደችው።

«ወደ ታች ነዋ!» አለች ለልጅቷ። «ውሃ ሽቅብ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ተቀመጠች። ትንሿ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረችውን ያህል በደንብ አስተምራ አታውቅም።

«እንግዲህ እርማት» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ትልቋ ተነሳች። በወንበሮቹ መሐል ዝግ ብላ ወደ ፊት መጣች።

«ጥሩው» አለች፣ «ተማሪው ከሚያየው ነገር መጀመሯ ነው። የራሱን ወንዝ ሰጠችው። እኔ ሳልሰጠው የኖርኩትን።»

ከዚያ ጠመኔ አነሳች። ትንሿ ጠረጴዛውን ተደገፈች። ትልቋ ከሥዕሉ አናት ላይ ጀመረች፣ መታጠፊያውን ይዛ ዞረች፣ ወደ ድልድዩ ወረደች፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ የቀስት ራስ አደረገች። ጠመኔውን ቦታው መለሰች፤ ጣቶቿን አራገፈች።

«ይኼ ብቻ ነው?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ይኼ ብቻ ነው። ቀስት አልነበረውም።»

«ቀስት ብቻ!» አለ ፋርማሲስቱ። «በሰባት ቀን ትኩሳት መሐል ጥፍሬ ረዘመ እንደማለት እኮ ነው!»

ምክትሉ ሳቀ። ማንም ሰሌዳውን አላየም። ትንሿ ግን ታየዋለች፤ ከቀስቱ ጋር ሲታይ «ቀኝ ዳርቻ» የሚለው ጽሑፍ በተሳሳተው ዳር ላይ ተለጥፎ እየጮኸ ነበር። ለማንበብ ከቀስቱ ጋር አብሮ መውረድ ብቻ ይበቃል።

ከፊት ወንበር ያችው እጅ እንደገና ወጣች።

«መምህር፣ እንደዚህ ከሆነ እኮ ቀኙ...»

«አውርጂ» አለች ትንሿ።

«አይ፣ ቀስቱ ወደዚህ ከሆነ ቀኙ በዚያ...»

«አውርጂ እጅሽን አልኩሽ! ለመታየት ነው እንጂ ለመማር የምትጠይቂ አይመስለኝም።»

ደወሉ ተደወለ። የክፍሉ አለቃ ዳስተሩን አንስቶ ከላይ ወደ ታች ጠረገው። ትንሿ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ኮሚቴው በማግስቱ ወሰነ። ፋርማሲስቱ «እንደ ሲኒማ ነበር» አለ። ርዕሰ መምህሩ ሁለቱን ጠርቶ ሻይ አዘዘ፤ በዚህ ጊዜ ትንሿ ጠጣች።

«አላልኩሽም?» አለች እናቷ ወደ ቀኟ እየተገላበጠች። «እሷስ ምን አለች?»

«ምንም።»

«ጨዋ ሴት ናት» አለች እናቷ። «ጨዋ ሰው እንዲህ ይመቻል።»

ትልቋ ዕቃዋን በምትሰበስብበት ቀን መምህራን ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ካርታዎቹን አንድ በአንድ እየዘረጋች አስረከበቻት። ይኼኛው ጠርዙ ይላላል፤ ያኛው ከመስኮት ካልራቀ ይነጣል፤ ይህን በሙጫ እንጂ በፕላስተር እንዳትነኪው። ትንሿ «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» ትላለች። ካርታው ሲያልቅ ሌላ የሚያዝ ነገር ጠፋ።

«እትዬ» አለች ትንሿ። «ያ ቀስት...»

«የቱ ቀስት?»

«ሰሌዳው ላይ ያደረግሽው። እኔ መጀመሪያ አላወቅሁም ነበር፤ እናቴ ትሙት አላወቅሁም ነበር። ድልድዩ ላይ ስቆም ነው የተገለበጠብኝ። በኋላ ግን...»

ትልቋ የመሳቢያውን ቁልፍ ከቀለበቱ ላይ እያወጣች ነበር። ቁልፉ ጠበቅ ብሎባት በጥፍሯ ታገለችው።

«ሰሌዳው እኮ ተጠርጓል» አለች።

«በኋላ ግን አውቄያለሁ ልልሽ ነው።»

«መሳቢያው ሲዘጋ ወደ ላይ አንሳ አድርጊው፤ አለበለዚያ ይነክሳል።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እናትሽን ሰላም በያት። ጀርባዋ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ደግ» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ትንሿ እንድትሰድባት ፈልጋ ነበር። ስድብ ቢሆን ተቀብላ ትጨርሰው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ሌላ ሻይ ጋበዘ። ያች ሠርቶ ማሳያ ዝናዋ ወጥቷል። የአጎራባች ትምህርት ቤቶች መምህራን ሊያዩዋት ይመጣሉ፤ ደግሞም ክፍል ውስጥ አይደለም፣ እዚያው ወንዙ ላይ። ከእንግዲህም በየዓመቱ የመጀመሪያው ምዕራፍ በዚሁ ይጀመራል።

«ወንዙ ላይ?» አለች ትንሿ።

«ምነው? ከሚታየው መጀመር ነው የሚሻለው አልተባለም? በእርማቱ ላይ ተነግሯል እኮ!»

ቀኑ ሲደርስ «ለምን» የምትባለውን ልጅ ቦርሳ ጠባቂ አድርጋ ክፍል ውስጥ ተወቻት። ልጅቷ ለምን አላለችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉ ከአፏ ጠፍቷል።

ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው። ተማሪዎቹን ድልድዩ ላይ በረድፍ አቆመቻቸው። እንግዶቹ መምህራን በስተኋላ ቆሙ። ከታች ውሃው ደፍርሶ ይወርዳል።

«ፊታችሁን ወደ ላይ!» አለች። «ሁላችሁም! ወደ ታች ያየ ልጅ እንዳላይ! አሁን ቀኝ እጃችሁን አንሱ። ጠቁሙ። ያ ነው ቀኝ ዳርቻ። መኪናው የቆመው እዚያ ነው።»

እጆች ሁሉ ወደ ገደሉ ተዘረጉ።

በዚህ መሐል ከማዶ አንዲት ሴት ቦርሳ አንጠልጥላ፣ ጠርዙን በአንድ እጇ ዳሰስ እያደረገች፣ ዓይኗን ከእግሯ ሳትነቅል ወደ ድልድዩ ገባች። ትንሿ ከሩቅ አወቀቻት። ቅርንጫፉ የሚለቀቅበትን ሰዓት እንዴት አላሰበችም! ትምህርቱን ልታሳጥር ፈለገች፤ እንግዶቹ ግን ገና መጠየቃቸው ነው። ድልድዩ ጠባብ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

ተማሪዎቹ ሲያዩዋት እጃቸውን አወረዱ። «እንደምን ዋልሽ እትዬ» አለ አንዱ። «እንደምን ዋልሽ እትዬ» አሉ ሌሎቹ ቀስ ብለው።

«ደህና ዋላችሁ ልጆቼ።»

«እጃችሁን አውርዱ ያላችሁ ማን ነው?» አለች ትንሿ። ድምፅዋ ቀጠነ። እጆቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ተነሱ፤ ትልቋ በተዘረጉት ክንዶች ጀርባ ጎንበስ ብላ ማለፍ ጀመረች።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራም ፊቱ በላብ የራሰ መምህር፣ መንገድ እንዳይዘጋባት ሸሸት አለላትና በአክብሮት ፈገግ አለ።

«እናቴ፣ የዚሁ ሰፈር ሰው ይሆናሉ?»

«አዎ።»

«እንግዲያውስ ያስታውሱት ይሆናል። ያ መኪና ያኔ የቆመው በዚህ በኩል ነው አይደል? እዚያ፣ ገደሉ ላይ?»

ተማሪዎቹ ክንዳቸውን እንደዘረጉ ደነዘዙ። የማን ሚስት እንደሆነች የሚነግረው አንድም አልተገኘም።

ትልቋ ዓይኗን ከእግሯ ነቅላ ወደ ውሃው አነሳች። መጀመሪያ ልጆቹ ወደሚጠቁሙት ገደል አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ሌላው፣ ሳር ወደበቀለበት ዝቅተኛ ዳር አዞረች። እዚያ ላይ ብዙ ቆየች። እንግዳው ያልሰማችው መስሎት ጥያቄውን ሊደግም አፉን ከፈተ።

«መምህሯ ታውቃለች» አለች ትልቋ፤ መንገዷንም ቀጠለች።

«አዩ!» አለ እንግዳው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «የአካባቢው ሰው መሰከረ ማለት ነው።»

አንዲት ተማሪ ክንዷ ስለዛለ በግራ እጇ ደግፋ ይዛዋለች። ትንሿ የሴትየዋ እግር ኮቴ ከጀርባዋ እየራቀ እስኪጠፋ ጠበቀች። አልዞረችም።

«ደግማችሁ» አለች። «ፊታችሁን ወደ ላይ። ጮክ ብላችሁ፣ ሁላችሁም።»